ባቡር ያልተሳፈሩት ሊቀ ሐዲድ

በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ እግሩ ከአደባባዩ አልፎ የማያውቅ፣ ምላሱ ግን ዓለምን ሰባት ጊዜ የዞረ ሰው። ባሕር ሳያይ ማዕበል ይቆጥርላችኋል። ተራራ ሳይወጣ ጫፉ ላይ ስንት ካልሲ መደረብ እንዳለበት ይነግራችኋል። "ለመሆኑ ሄደህበታል?" የሚል ደፋር ቢገኝ በሐዘኔታ ያየውና "ለማወቅ የግድ መሄድ አለብኝ እንዴ?" ይለዋል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ ነዋሪዎቹ ያሳዝናሉ፤ ምን እያለሙ እንደሚተኙ እንጃ።

የዚህ ሰፈር ባለተራ ልብስ ሰፊው ነው። እውነተኛ ስሙን ከሚስቱ በቀር የሚያስታውስ ያለ አይመስልም፤ ሰፈርተኛው ሁሉ "ሊቀ ሐዲድ" ብሎ ሾሞታል። ሹመት ሹመት ነውና እኛም ማዕረጋቸውን ጠብቀን፣ አንቱ እያልን እንቀጥላለን።

ሊቀ ሐዲድ እንደ ብጤዎቻቸው ስለ ሁሉም ነገር አያወሩም። መስካቸው አንድ ነው፤ ባቡር። ባቡርም ሲባል ማንኛውም ባቡር አይደለም። ሜዳ ለሜዳ ሄዶ በሰዓቱ የሚገባ ባቡር ሲነሣባቸው ያዛጋሉ። የሳቸው ባቡር ገደል አፋፍ የሚንጠለጠል፣ አሸዋ የሚውጠው፣ ማዕበል መስኮቱን የሚያጥበው፣ ከከፍታው የተነሣ ተሳፋሪው በቱቦ የሚተነፍስበት መሆን አለበት። ከዚያ በታች ያለውን "እሱማ ጋሪ ነው" ብለው ያልፉታል።

ሱቃቸው ከዳቦ ቤቱ ጎን ያለች፣ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ደጃፍ ቆሞ የሚለካባት ጠባብ ክፍል ናት። ከስፌት መኪናቸው በላይ ግድግዳው ላይ ጠርዙ የተበላ የዓለም ካርታ ተለጥፏል። አደገኛ ሐዲድ በሰሙ ቁጥር ቀይ ራስ ያለው ስፒል ይሰኩበታል። ወሬውን ከአሮጌ ጋዜጣ ይለቅሙታል፣ ከራድዮ ይሰሙታል፤ አንዳንዴም ቁልፍ ተጠቅልሎበት ከመጣ የመጽሔት ቅዳጅ ላይ ያገኙታል። ቅዳጁ ላይ የሌለውን ግማሽ ራሳቸው ይጨርሱታል።

አጀማመራቸው ሁሌም አንድ ነው። መቀሱን ያስቀምጣሉ፣ ሜትሩን ካንገታቸው ሳያወርዱ ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጉና "እንግዲህ አስበው" ይላሉ። ከዚህ ቃል በኋላ ሱሪውን ለነገ የሚጠብቅ ደንበኛ ጥፋቱ የራሱ ነው።

"እንግዲህ አስበው። ሐይቁ፣ ብርዱ ሲጠና ይረጋል። መስተዋት ይሆናል። ሰዎቹ ምን አደረጉ? በላዩ ላይ ሐዲድ ዘረጉበት። ባቡሩ እንግዲህ ቀስ… ቀስ… እያለ ይሄዳል። ከሐዲዱ ሥር በረዶ፣ ከበረዶው ሥር ጥቁር ውሃ። በውሃው ውስጥ ዓሦቹ ቀና ብለው ሲያልፍ ያዩታል። በረዶው ደግሞ ዝም አይልም፤ ያንጎራጉራል። ከሩቅ የሰው ዘፈን ይመስላል ይላሉ።"

ዳቦ ጋጋሪው፣ ክንዱ ዱቄት እንደሆነ በሩን ተደግፎ፣ "ከዚያስ? ሰመጠ?" ይላል።

"ለምን ይሰምጣል! ደረሰ እንጂ።"

ዳቦ ጋጋሪው በእፎይታም በቅሬታም ይተነፍሳል። በዚህ መሃል ከምድጃው የሚመጣው የማረር ሽታ ሰፈሩን ያዳርሳል። ሰዉ ጠርዙ ያረረ ዳቦ ሲገጥመው "ዛሬ ደግሞ የትኛው ሐዲድ ነበር?" ብሎ ይጠይቃል እንጂ አይቆጣም።

ዚግዛግ እየሠራ፣ አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ እያለ ቀጥ ያለ ተራራ የሚወጣውን ባቡር ሲተርኩ የአንድ ሙሽራ ኮት እየቆረጡ ነበር። ተሳፋሪው ወደ ታች ሲያይ ንስሩ ከበታቹ ይበራል፣ የንስሩ ጀርባ ይታየዋል ሲሉ መቀሱም አብሮ በረረ። በማግሥቱ ግራ እጅጌው ጣት ሸፈነ፣ ቀኙ ክርን ላይ ቀረ። ሙሽራው ሊጮህ አፉን ሲከፍት ሊቀ ሐዲድ ቀደሙት፤ "ቀኙን የቆረጥኩት አፋፉ ላይ ነው። አንተም ሰምተሃል፣ ራስህም ትንፋሽህን ይዘህ ነበር።" ሙሽራው ይህን መካድ አልቻለም። ሌላ ኮት ተሰፋለት፤ ሲሰፋም የበረሃውን ባቡር ሰማ፤ ጭራው ገና ከጣቢያው ሳይወጣ ራሱ አድማስ የደረሰውን፣ ሰዎች ፊታቸውን ሸፍነው በጫነው የብረት አፈር ላይ ተኝተው የሚሄዱበትን፣ ሌሊት ኮከቡ ዝቅ ከማለቱ የተነሣ አቧራውን አራግፈውለት የሚያልፉበትን። ኮቱ በደንብ ተሰፋ። ምክንያቱም በረሃ ሜዳ ነው።

ጥርሳቸውን ሊያስነቅሉ የሄዱ ዕለት አፋቸው በመሣሪያ ተይዞ እንኳ "እንግህህ አህበው" ማለታቸውን የጥርስ ሐኪሟ ትመሰክራለች። ጥርሱ ሲወጣ አላወቁም። ሐኪሟም ከዚያ ወዲያ በደጃፋቸው ባለፈች ቁጥር "ኧረ ያ ባቡር ከዋሻው ወጣ ወይ?" ብላ ትጠይቃለች።

አሁን ደግሞ ሚስታቸውን እንወቅ። የሊቀ ሐዲድ ሚስት የትኬት ተቆጣጣሪ ናት። አዎ፣ የባቡር። በቅዳጅ ላይ ሳይሆን በብረት ላይ የሚሄድ፣ የተራራውን መስመር በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚመላለስ እውነተኛ ባቡር ተቆጣጣሪ። በሥራው ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሊቀ ሐዲድ ግን በዕድሜያቸው አንድም ቀን ባቡር ተሳፍረው አያውቁም። ሰፈሩ ይህን ያውቃል፤ አክብሮ ዝም ይላል።

የእሷ መስመር ከሞቃቱ ሜዳ ይነሣል። እዚያ የፉርጎው መያዣ እጅ ይለበልባል። ከዚያ አሥራ አንድ ዋሻ አልፎ፣ ከስድስተኛው በኋላ መከለያ በሌለው የብረት ድልድይ ጥልቁን ሸለቆ ተሻግሮ፣ የሰው ትንፋሽ እንደ ጭስ ወደሚታይበት ነጭ የጨው ሜዳ ይወጣል። በጠዋት ስትነሣ ላብ፣ በቀትር ስትደርስ ብርድ። ድልድዩ ላይ ጉሙ ከበታች ሲሞላ ባቡሩ ምንም ላይ የማይሄድ ይመስላል፤ አንዳንዴ ትኬት መብሳቷን ትታ ትቆማለች። ይህን ሁሉ አይታ ቤቷ ትገባለች፤ ለማንም ምንም አትልም።

ላለማውራት ፈልጋ አይደለም። አንድ ጊዜ ድልድዩ ላይ ሳሉ ድንጋይ ከላይ ተንከባሎ የአጠገቧን መስኮት ሰበረው። ያን ቀን የመስተዋት ስብርባሪ ካፖርቷ ላይ እንዳለ ቤት ገባች።

"መጣሽ? ዛሬ ምን አገኘሁ መሰለሽ!" አሉ ሊቀ ሐዲድ፣ ቅዳጅ እያውለበለቡ። "ባሕር ላይ ነው ድልድዩ! ማዕበሉ…"

"የኛም ድልድይ እኮ ዛሬ…"

"ያንቺማ ድልድይ ነው እንዴ? የሕፃን አልጋ! እሹሩሩ እያለ የሚያሻግር!"

ጫማዋን አወለቀች፤ ተኛች።

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ 'መንገድ እንዴት ነበር?' ብሎኝ አያውቅም" አለቻት አንድ ቀን ለእህቷ። "የማላውቀውን አገር ገደል ሁሉ ያውቃል። እኔ የምሻገረውን አያውቅም።"

"ወንድ እንዲህ ነው" አለች እህቷ። "የሩቁን ያያል፣ የጉያው ይጠፋዋል።"

ነገሩ በዚሁ ይቀጥል ነበር፣ ያ ዝናብ ባይመጣ።

ሦስት ቀን ሳያባራ ዘንቦ ነበር። በአራተኛው ቀን ጠዋት ባቡሩ ሦስት ፉርጎ ጎትቶ፣ ስልሳ ሁለት ሰው ይዞ ተነሣ። ድልድዩን በሰላም ተሻገሩ። ከሰባተኛው ዋሻ ብቅ እንዳሉ ነጂው ፍሬኑን ያዘ፤ ቆሞ የነበረው ሁሉ ወደቀ። ተቆጣጣሪዋ በመስኮት ስታይ ተራራው ይሄድ ነበር። ድምፅ እንኳ አልነበረውም፤ ወይም ዝናቡ ውጦት ነበር። ዛፎቹ እንደቆሙ፣ ለጉዞ የተሰለፉ ይመስል፣ በሐዲዱ ላይ አልፈው ወደ ሸለቆው ወረዱ። ከኋላቸው ድንጋይ ተከተለ። ነጂው ወዲያው ባቡሩን ወደ ኋላ መልሶ ሰባተኛው ዋሻ ውስጥ አስገባው።

በራድዮ የመጣው ትእዛዝ አጭር ነበር። መንገዱ ፊት ለፊት ተዘግቷል። ወደ ኋላም ወንዙ ሞልቷልና የጥገና ሠራተኞች የድልድዩን ምሰሶዎች ሳያዩ ማንም እንዳይሻገር። ጠብቁ።

ባትሪ ለመቆጠብ በየፉርጎው አንድ አንድ አምፑል ብቻ ቀረ። ውሃ በዋሻው ግድግዳ ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ሰዎቹን ሁሉ ወደ መካከለኛው ፉርጎ ሰበሰበቻቸው። አንዱ በሩን ከፍቼ በእግሬ እሄዳለሁ ይላል፣ ሌላው ያለቅሳል። አንዲት አሮጊት ጨርቅ ቋጠሯቸውን ጉያቸው አድርገው እጇን ያዙ።

"ልጄ፣ እዚሁ ልንቀር ነው?"

ተቆጣጣሪዋ ደንቡ የሚያዝዘውን ልትናገር ጉሮሮዋን ጠረገች። "ክቡራን መንገደኞች" ልትል አፏን ከፈተች። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"እንግዲህ አስቡት" አለች።

ሰዉ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።

"አንድ ሐይቅ አለ። ብርዱ ሲጠና ይረጋል። መስተዋት ይሆናል…"

የዓሦቹን ዓይን ነገረቻቸው፣ የበረዶውን እንጉርጉሮ ነገረቻቸው። ስትጨርስ አሮጊቷ "ደረሰ ወይ?" አሉ። "ደረሰ" አለች። ከዚያ ንስሩን፣ ከዚያ በረሃውን። ለራሷም ገረማት፤ አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁም ብላ የምታስበውን ሁሉ፣ ወጥ እያማሰለች፣ ልብስ እያጣጠፈች፣ ጀርባዋን ሰጥታው የሰማችውን ሁሉ በቃሏ ይዛው ኖሯል። በዚያ ጨለማ ውስጥ ፉርጎው የሚሄድ መሰለ። ያለቀሰው ዝም አለ፣ በሩን እከፍታለሁ ያለው ተቀመጠ፤ በሦስተኛው ሰዓት ላይ "ከዚያስ?" የሚለው ድምፅ የስልሳ ሁለቱም ነበር፣ መልሱንም አብረዋት "ደረሰ!" ይሉ ነበር።

ወደ ሃያኛው ባቡር ስትደርስ አንድ ነገር ልቧን ነካት። ይኸ ሰውዬ አደጋ ሲወድ ስንት ዓመቱ! ታዲያ ከዚያ ሁሉ ባቡር አንድ እንኳ የወደቀ እንዴት አልነበረውም? ከየት እየመረጠ ነው ያመጣቸው?

መልሱን ሳታገኝ ከዋሻው አፍ መብራት ታየ። ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሱ አራት የጥገና ሠራተኞች ገቡ። ከኋላቸው አምስተኛ ሰው አለ። የዝናብ ልብስ የለውም፤ ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ርሷል፤ ሜትር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

እዚህ ላይ አንቱታውን እንተወው። የመጣው ሊቀ ሐዲድ አልነበረም፤ ባሏ ነው።

"ምን ልትሠራ መጣህ?" አለችው ከፉርጎው ወርዳ።

"መጣሁ" አለ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል።

"በምን?"

"በዚያች የጥገና ጋሪ። በሐዲድ ላይ በምትሄደው። ግድግዳ እንኳ የላትም።"

"ድልድዩንስ?"

"በእግር። እነሱ ምሰሶውን እያዩ፣ እኔ እነሱን እያየሁ።"

የጣቢያው ሹም እንዴት እንደፈቀደለት ኋላ ራሱ ተናግሯል። ልብስ ሰፊው ባቡሩ ዋሻ ውስጥ መቅረቱን እንደሰማ ቢሮው ገብቶ ስለ ድልድይ ምሰሶ፣ ስለ ጎርፍ፣ ስለ ናዳ የሚያውቀውን ሁሉ ሳይተነፍስ ዘረገፈው። ሹሙ በራድዮ መነጋገር አቃተው። "አፉን የማዘጋበት ሌላ መንገድ አጣሁ" አለ ሹሙ። "ጋሪው ላይ ጫንኩትና አረፍኩ።"

ሠራተኞቹ ከነጂው ጋር ሲነጋገሩ ባልና ሚስት በዋሻው ግድግዳ ሥር ቆሙ። የደንብ ልብሷን ካፖርት አውልቃ ትከሻው ላይ ጣለችለት።

"አንተ ሰውዬ፣ ባቡር ትፈራለህ አይደል?"

"እንደ ሞት" አለ። ከዚያ እግሩን እያየ ተናገረ። "ሥራ የጀመርሽ ሳምንት አንድ ቀን እንኳ እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም። ከዚያ ጋዜጣ ላይ አንድ ባቡር አገኘሁ፤ ካንቺው የባሰ። ነጂው ሠላሳ ዓመት ነድቶት በሰላም ጡረታ ወጣ ይላል። ያን ቀን ተኛሁ። ከዚያ በኋላ መፈለግ ሆነ ሥራዬ። መቶ አርባ ሰባት አግኝቻለሁ። የወደቀውን አልይዝም፣ ገጹን እገለብጣለሁ። የደረሰውን ብቻ ነው የምይዘው። እነዚያ ከደረሱ ያንቺማ…"

"የሕፃን አልጋ" አለች።

"እንደዚያ ካላልኩ እንዴት አድርጌ ልሸኝሽ?"

እንባዋ መጣ። ቁጣዋም አብሮ መጣ። "አንድ ቀን እንኳ! አንድ ቀን መንገዱ እንዴት ነበር ብትለኝ ምን ነበረበት?"

"ብትነግሪኝስ?" አለ።

ሜትሩን ካንገቱ አውርዳ ጠቀለለችው፣ ኪሱ ከተተችለት።

ምሰሶው ደህና ነው ተባለ። ግን በእግር ፍጥነት፣ ወደ ኋላ እየተነዳ ነው ባቡሩ የሚመለሰው። እንዲህ ሲሆን ደንቡ ተቆጣጣሪዋ በመጨረሻው ፉርጎ ጫፍ፣ ደጅ ያለችው መቆሚያ ላይ ባንዲራ ይዛ መንገዱን እንድታይ ያዝዛል። "አንተ ውስጥ ግባ" አለችው። አልገባም። በሁለት እጁ ብረቱን ጨብጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አጠገቧ ቆመ።

ከዋሻው ሲወጡ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ሸለቆው እስከ አፉ ጉም ሞልቷል። ጎርፉ ከታች ያገሳል፣ አይታይም።

"የት ደረስን?" አለ እንደጨፈነ።

"ድልድዩ ላይ ነን። በግራ በኩል ፏፏቴ አለ፤ ጠዋት ስናልፍ አልነበረም። ጉሙ ነጭ ነው፣ የተነደፈ ጥጥ ይመስላል። ጥላችን ጉሙ ላይ ወድቋል።"

"የማን ጥላ?"

"የባቡሩ። ጫፉ ላይ ሁለት ሰው ቆሟል።"

ከዚያ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ቀጥሎ ሌላውን። ድልድዩ እስኪያልቅ አልጨፈነም፤ ምንም አልተናገረም። እሷም በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እንደዚያ ዝም ብሎ ሲያይ አየችው።

በማግሥቱ ሰፈሩ በሙሉ የልብስ ስፌቱ ደጃፍ ተሰበሰበ። ዳቦ ጋጋሪው ምድጃውን አጥፍቶ መጣ። ልብስ ሰፊው ግን ቀና ብሎ ሰላም አላቸውና መስፋቱን ቀጠለ። ቢለምኑት፣ ቢያባብሉት አንዲት ቃል አልወጣውም። "ያየሁትን እንዴት አድርጌ ላውራው?" አለ በመጨረሻ፣ ከልቡ ቸግሮት። የዚያን ሳምንት ዳቦ ሳያርር ወጣ፤ ሰዉ ግን አልጣፈጠውም።

ናዳው ተጠርጎ መስመሩ የተከፈተው ከሁለት ወር በኋላ፣ ፀሐያማ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ተቆጣጣሪዋ ከመጀመሪያው ፉርጎ ጀምራ ትኬት እየበሳች ሦስተኛው ደረሰች። በመተላለፊያው በኩል ካለው ወንበር ላይ ጥሩ ተደርጎ የተተኮሰ ኮት የለበሰ ሰው፣ የፊቱን ወንበር በሁለት እጁ አንቆ ተቀምጧል። ከቤት ስትወጣ ተኝቶ ነበር የተወችው።

ተሳፋሪው ሁሉ እያየ ነው። ኮፍያዋን አስተካከለች።

"ትኬትዎን ይፈቅዱልኛል?"

አንድ እጁን በግድ አላቆ ሰጣት።

"እስከ የት ነዎት?"

"እርስዎ እስከሚወርዱበት" አለ።

ትኬቱን በሳችና መለሰችለት። "እንግዲያው ወደ መስኮቱ ጠጋ ይበሉ" አለች፣ "በዚህ በኩል ምንም አይታይም።"